ክራርነት

እናቴ ክላርኔትን «ክራርነት» እንዳለችው ነው ያለፈችው። አባቴ አንድ ቀን እንኳ አላረማትም። እኔ ግን አፌ መች ዝም ይላል? «እማዬ፣ ክላርኔት ነው እኮ! ክ-ላር-ኔት!» ስላት፣ «እኔስ ምን አልኩ? ክራርነት» ትለኝና ወደ ሥራዋ ትዞራለች። በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ፣ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። ዓሣ ጥብስ ሊበላ የሚገባው ደንበኛ ሁሉ ነገሩን ስለሚያውቅ «የእናትሽ ክራርነት እንዴት ሰነበተ?» እያለ ይጎነትለኛል። እኔም አልተኛለትም፤ «እንዳንተው ሥራ ፈትቶ ተጋድሟል» እለዋለሁ።

እውነቴን ነው፣ ተጋድሞ ነበር። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ሳጥኑ እንደተዘጋ እናቴ አልጋ ሥር ነበር የሚኖረው።

አባቴ በንጉሡ ዘመን የወታደር ማርሽ ባንድ ውስጥ ነፊ ነበር። ሲሰናበት ሌላው መሬት ይሰጠኝ፣ ማዕረግ ይጨመርልኝ ሲል እሱ ሲነፋው የኖረውን ክላርኔት ጠየቀ። ያን ጊዜም ያረጀ ነበርና «ከፈለግክ ውሰደው» አሉት። ከዞጲ እንጨት የተሠራ፣ ድፍን ጥቁር ነው። የቁልፎቹ ብር በጣት ብዛት ተልጦ ወደ ቢጫ ዞሯል። ሲጨርስ ፈታትቶ፣ ጠርጎ፣ ቀይ ከፋይ በለበሰው ሳጥን ውስጥ ያስተኛዋል። አፉ ላይ የምትታሰረውን ስስ ምላስ ከውጭ የሚያመጣለት ስላልነበረ ከሐይቁ ዳር መቃ እየቆረጠ በምላጭ ይፍቃት ነበር። «ተወልዶ ያደገው ፈረንጅ አገር፣ ምላሱ የሐይቅ!» እያለ ይኮራበታል።

ከወንድሞቼ አንዱም አልፈለገውም። ጣቶቼን ቀዳዳዎቹ ላይ እያስቀመጠ ያስተማረው እኔን ነው። «ሴት ልጅ ጉንጯን ነፍታ!» ብለው የሚያሽሟጥጡ ጎረቤቶች አልጠፉም። «ጉንጩ የእሷ፣ ክላርኔቱ የእኔ፤ እናንተ ምን ቤት ናችሁ?» ይላቸው ነበር። ሊሞት ሲልም ሳጥኑን ያወረሰው ለእኔ ነው። ኮራሁ! ምን እደብቃለሁ፣ ዛሬም እኮራለሁ።

ያ ክላርኔት ከሌላው የሚለይበት ነገር ነበረው። በላይኛው ግንድ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ፣ ጠርዙን ይዞ፣ በዕድሜ ብዛት የጠቆረ የንብ ሰም ተለጥፎበታል። ሰሙ ቀዳዳውን ትንሽ ስለሚያጠብበው ድምፁን ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚች «ትንሽ» ላይ ነው። አምባሰል እኛ ዘንድ አገርም ነው፣ የዘፈን ቅኝትም ነው፤ አገሬው በቅኝቱ ቀልድ አያውቅም። በሌላ ክላርኔት አምባሰል ሲነፋ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ደህና ነው፣ አይከፋም፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እንግዳ መሆኑ ይታወቅበታል። የአባቴ አምባሰል ግን የቤት ልጅ ነበር። እሱ ሲነፋ እነዚያ የውጫሌ ሽማግሌዎች የጀመሩትን ወሬ ሳይጨርሱ ሲተዉት በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ያ ሰም ለእኔ የአባቴ እጅ ነበር። ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

እናቴ የአምባሰል ልጅ ናት፣ ከውጫሌ በላይ ካለ ገጠር። አባቴ ሲያጫውተን፣ ሠርግ ላይ ተጋብዞ ሲነፋ ከልጃገረዶቹ መሃል አንዷ በሳቅ ፍርስ አለች። «በሰው ፊት አዋረደችኝ። ብናደድ፣ ብናደድ ንዴቴ አልበርድ አለኝና ሽማግሌ ላክሁባት» ይል ነበር። እኛ ልጆቹ በተነፋው ጉንጩ የሳቀች ነበር የሚመስለን። እናቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ ጥጧን እየፈተለች ፈገግ ትላለች፣ አንድም ነገር አትጨምርም።

ክላርኔቱ መሰንጠቅ የጀመረው አባቴ በሕይወት እያለ ነው። በክር ጠፍሮ ይነፋው ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ስንጥቁ ወደ ታች እየሮጠ ሰም ያለባቸውን ቀዳዳዎች አቋርጦ ሄደ። አንድ ቀን አውጥቼ ብነፋው እንደ ተቀደደ ወናፍ «ፉ» አለኝ። መልሼ ከደንኩት። አልቅሻለሁ።

እንዲህ እያለን የታናሽ እህቴ ሠርግ ደረሰ። ሙሽራው የውጫሌ ልጅ ነው። አባቴ የሁላችንንም ሠርግ ነፍቷል፤ የእኔንም ጭምር፤ ትዳሩ ባይሰነብትም ዜማው ሰንብቷል። እናቴ ታዲያ አንድ ቀን የዓሣ ቅርፊት እየፋቅሁ ሳለ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ስሚ። አባቷ ቢሞት ድምፁ አልሞተም። ያቺን ልጅ ያለ ክራርነቱ አልድራትም» አለችኝ።

«እማዬ፣ ተሰንጥቋል እኮ።»

«የተሰነጠቀ ይጠገናላ! ነፊዋ አንቺ አይደለሽ?»

እናቴ አንዴ ካለች አለች ነው። ሠርጉ የሚሆነው ከፋሲካ በኋላ ስለነበር ጾሙ እስኪፈታ ጊዜ አለኝ ብዬ ተነሳሁ። የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ኃላፊ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ሻይ ሊጠጣ መስሎ መጣና «እኛ አዲስ አበባ ልከን እናሳድስልሽና ለአብዮቱ ታበረክቺዋለሽ» አለኝ። «አብዮቱ ሳንባ ካለው ይንፋው» ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ በስንት መከራ መለስኩት። «የሟች አደራ ነው ጓድ» ብዬ ሻዩን ስኳር ጨምሬ አቀረብኩለት።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ሳጥኑን አቅፌ ወደ ደሴ ተሳፈርኩ። ኬላው ላይ ሁላችንንም ከአውቶቡስ አስወረዱን። ጠባቂው ወጣት ነው፣ ጠመንጃው ከእሱ ይረዝማል። ሳጥኑን ከፈተና ጥቁር ጥቁሩን ቧንቧ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

መደንገጤ ነው መሰል፣ «ክራርነት!» አልኩት።

«ክራሩ የታለ?»

«ማለቴ… ዋሽንት ነው። የፈረንጅ ዋሽንት።»

«ገጥመሽ አሳዪኝ።» ገጠምኩ። ሲገጠም ይባሱን አፈሙዝ መሰለ። «በይ ንፊው!»

ብነፋው «ፉ»። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ጠባቂውም ሳቀና «ይሄስ ሰው አይገድልም፣ እለፊ» አለኝ። ማለፉን አለፍኩ፤ ደሴ እስክገባ ግን ደሜ እንደፈላ ነበር። እኔን ቢሰድበኝ ግድ የለኝም፣ የተሳቀው በአባቴ ነው።

ጠጋኙ ድሮ በባንድ ውስጥ የነበሩ፣ አሁን ሬዲዮም የሙዚቃ መሣሪያም የሚጠግኑ የደሴ ሽማግሌ ናቸው። ላይኛውን ግንድ አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩት፣ በጥፍራቸው ስንጥቁን ተከተሉት። «ማሻአላህ! ይሄ ከኔም ይበልጣል። እንደዚህ ያለ እንጨት ዛሬ የለም» አሉ። ልቤ ሞቀ። ቀጥለው ግን «መጀመሪያ ይሄን ቆሻሻ እናወጣለን» አሉኝ።

«ቆሻሻ?! ጋሼ፣ የአባቴ እጅ ነው እኮ!»

«አስተግፊሩላህ! አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉና ወንበር ሳቡልኝ። ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። ስንጥቁ የሚደፈነው በሙጫና በዞጲ ዱቄት ነው። ሰም ባለበት ሙጫ አይዝም። ሰሙ ደግሞ ቀዳዳው ላይ ብቻ አልቀረም፣ ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ አንድ ሳይቀር ይወጣል። «ከዚያ በኋላ ከፋብሪካ እንደወጣ ቀን ይሆንልሻል። ንጹሕ! ግን አባትሽ ያደረጉበትን መልሼ ላደርገው አልችልም፣ ወላሂ። በጆሮ የተሠራ ነገር ነው፤ ጆሮውን ከየት አመጣለሁ? ክላርኔት ይሆንልሻል። ያ ነገሩ ግን ይሄዳል።»

«ካልተነካስ?»

«ካልተነካማ እንዲህ እንዳለ ዕቃ ሆኖ ይኖራል። ያምራል። ታዪዋለሽ።»

ሳጥኑን ዘግቼ ይዤው ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ነበር። ካስጠገንኩት የአባቴን አምባሰል በገዛ እጄ ማጥፋቴ ነው። ካላስጠገንኩት ደግሞ ዝም እንዳለ ይቀራል፣ እህቴም ያለ አባቷ ድምፅ ትዳራለች። እናቴ ምንም ቢሆን የሱን እጅ አታስነካም፣ እሷ ትከለክለኛለች ብዬ ነበር። እሱን ተስፋ አድርጌ ስነግራት አፏ ላይ ቃል አልቆየም።

«ይጠገን።»

«እማዬ፣ ሰሙ ይወጣል እያልኩሽ ነው!»

«ይውጣ።»

«የአባዬ እጅ እኮ ነው! እንዴት ይውጣ ትያለሽ? ስንት ዓመት የሰማሽው ነገር!» ጮህኩባት።

ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ልትል ከንፈሯ ተነቃነቀና ተወችው። «ለአልጋዬ እግር ነው እንዴ የወረስሽው? የሚነፋ ነገር ይነፋል» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ተናደድኩ። የኔ እናት እንዲህ ጨካኝ ነበረች እንዴ አልኩ።

ሰንበትበት ብዬ ግን ንዴቴ ሲበርድ እኔም የማልክደው ነገር ታየኝ። አባቴ ድግስ ላይ ቁጭ ብሎ ሲበላ እንኳ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይነፉ ነበር። ዝም ያለ ቀን ታሞ ነው። እኔ ደግሞ ሰሙን አያለሁ ብዬ ዝም አሰኝቼው ልኖር ነው? ኩራት ተብሎ! የሳጥን ኩራት ምን ያደርጋል? ይጠገናል አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፣ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ደሴ ሄጄ ለሽማግሌው ስሰጣቸው ግን ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ነው፤ ሰሙ ሲወጣ ማየት አልፈለግሁም።

የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ሲል ተመልሼ ሄድኩ። ስንጥቁ የት እንደነበረ በጣት ካልዳሰሱት አይታወቅም። ቁልፎቹ አብረቅርቀዋል። ሽማግሌው አንስተው አንድ የድሮ ማርሽ ነፉልኝ፤ ሱቁ ፊት የሚያልፈው ሰው እርምጃውን አስተካከለ፣ እውነቴን ነው። እጃቸውን ስሜ አመሰገንኩ። ከዚያ እኔ ተቀበልኩና አምባሰልን ጀመርኩ። ንጹሕ ነው። ጥርት ያለ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ግን የቤቱ ልጅ የለም፣ ያ የሬዲዮው እንግዳ ነው ያለው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። አስቀድመው ነግረውኝ ነበር።

ስመለስ ኬላው ላይ ያው ጠባቂ ነበር። «አንቺ የክራርነቷ! ዛሬስ ይናገራል?» አለኝ። ነፋሁለት። ከእጄ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ሰማና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«አምባሰል ነው አይደል የነፋሽው?»

«ነዋ።»

«እኔ የአምባሰል ልጅ ነኝ። ይሄ እንኳ አምባሰልን ከአውቶቡስ መስኮት አይቶ ያለፈ ሰው ነው የሚመስል» አለና ሳቀ።

ክፋት አልነበረውም፣ ቀልዱን ነው። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ተመልሼ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። አባቴን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ በሕይወቴ በምንም ነገር እንዲያ ተጸጽቼ አላውቅም።

ቤት ስገባ እናቴ ምግብ ቤቱ በር ላይ ስትጠብቀኝ ነበር። «በይ አሰሚኝ» አለች። «አልነፋም» አልኩ። «በሞቴ!» አለች። በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? ነፋሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ታለቅሳለች ብዬ እየፈራሁ ነፋሁ። እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ዓይኔን ብገልጥ እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ በሳቅ እየፈረሰች ነው።

«አጃኢብ! አጃኢብ! ልክ እንደዚያ ቀን!»

«የምን ቀን? ምን ያስቅሻል እማዬ!»

«አባትሽ ሠርጉ ላይ የነፋ ቀን ነዋ! ልክ እንዲህ ነበር ያደረገው። ሰውዬው በወታደር ጫማው አምባሰልን ሲረግጣት ጊዜ ነው የሳቅኩት።»

«በጉንጩ አይደለም እንዴ?»

«በጉንጭ ማን ይስቃል? ሞኝ!» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ከተጋባን በኋላ፣ በጫጉላችን፣ ‹እስኪ ምን አስቆሽ ነው?› አለኝ። ነገርኩት። አልተቆጣም፣ ‹በይ እንግዲያው አስተካክይው› አለኝ። የአባቴን ክራር አመጣሁ። ክራሩ በአምባሰል ተቃኝቷል። እሱን አንድ በአንድ እየመታሁ፣ በል ንፋ፣ ንፋ፣ እያልኩት፣ ሰሙን በወስፌ ጫፍ እያስገባሁ ስናስተካክል ዋልን። ያንን ሰም ማን ያደረገው መስሎሻል?»

አባቴ ነፊ ነው፤ ጆሮው ግን እሷ ኖራለች። ያ ሁሉ ዓመት የሱ እጅ እያልኩ የኮራሁበት የእናቴ እጅ ነው።

«ታዲያ እንዴት አልነገርሽኝም? ስጮህብሽ እንኳ!»

«መች ጠየቅሽኝ? ‹የአባዬ እጅ፣ የአባዬ እጅ› ብለሽ ስትኮሪ እኔም ደስ አለኝ። ኩራትን አያቋርጡም» አለች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ክራሩ ዛሬ የለም፣ ጉሮሮዬ ግን አለ። በይ ተነሺ፣ ሰም ፈልጊ።»

ከማር ነጋዴው ጎረቤቴ ሰም ይዤ መጣሁ። ምግብ ቤቱን ዘጋሁት፤ ደንበኞች በሩን ሲያንኳኩ «ዛሬ ዓሣ የለም!» እያልኩ እመልሳለሁ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እናቴ ዘፍና አታውቅም ነበር። ያን ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የክራሩን አውታሮች በጉሮሮዋ አንድ በአንድ አወጣቻቸው። እኔ እነፋለሁ፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። «ዝቅ ይበል… ጨምሪ… ኧረ በዛ! ቀንሺ… ንኪው ብቻ… ተይው! እንዳትነኪው!» ወስፌው በላብ ከእጄ ያመልጣል። አንዱን ስናቃና ሌላው ይጣመማል። ሁለት ጊዜ ተጣላን፣ አንዴም ወስፌውን ወርውሬ ወጥቼ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ ከላይ እስከ ታች ነፋሁት። እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ የቤቱ ልጅ ገባ።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። «አሁን ክራርነት ሆነ» አለች።

ያን ጊዜ ገና ቃሉን ሰማሁት። ስንት ዓመት ሳርማት የኖርኩት እኔ፣ አባቴ ለምን እንዳላረማት ያን ጊዜ ገባኝ። የማርሽ ባንዱ የሰጠው ክላርኔት ነበር። እሷ ክራር አድርጋው፣ ክራርነት ብላ ስም አወጣችለት።

ሠርጉ ውጫሌ ሆነ። ሰዓት እላፊ ስለነበር በጠራራ ፀሐይ ነው የተደገሰው። ዳሱ ውስጥ ስቆም «ሴት ናት እንዴ የምትነፋው?» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። ጉንጬን ነፋሁ። የሐይቅ መቃ አፌ ውስጥ ነው፣ አምባሰል ጣቴ ላይ ነው፣ እህቴ ቬሏን ገልጣ እያየችኝ ነው። ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን ሳይጨርሱ ተዉት። በሕይወቴ ሙሉ እንደዚያች ሰዓት ኮርቼ አላውቅም።

ከመሃላቸው አንዱ፣ የእናቴ የመንደር ሰውና እኩያዋ፣ ዱላውን ተደግፎ ተነሳ። «አባቷ መጣ! ነፍሱን ይማረው፣ ሰውዬውን ራሱን እኮ ነው የምሰማው!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ከሙሽሮቹ አጠገብ ብድግ አለች።

«እኔን ነው የምትሰማው!» አለችው።

ዳሱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄ መንፋት አቃተኝ፤ እሷ ግን ካቆምኩበት በአፏ ተቀበለችኝና አምባሰልን እስከ መጨረሻው ዘፈነችው።